ኃይሌ ሮጦ የገባበት ሠርግ

ብፌው በኮንዶሚኒየሙ በር አልገባ አለ። በአራት ሰው ትከሻ አራተኛ ፎቅ ድረስ የወጣ ዕቃ ነውና ተሸካሚዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «መሳቢያውን አውጡለትና በጎኑ እንሞክረው» አሉ። ሳህንና ብርጭቆው ቀደም ብሎ በካርቶን ታሽጓል። የታችኛውን መሳቢያ ግን ለዓመታት የነካው ሰው አልነበረም። ሲሳብ እየተንቋቋ ወጣና 23 ጥቁር የቪዲዮ ካሴት ደረጃው ላይ ተዘረገፈ።

አንዳንዱ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፤ «ሠርግ»፣ «መልስ»፣ «ክርስትና»፣ «የአያ ሙት ዓመት»። አንዱ «አይነካ!» ይላል። ስምንቱ ምንም አይሉም። አንዱ ደግሞ «ባዶ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ እሱ ባዶ አለመሆኑን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

የዚህን ቤተሰብ ስም መጥራት አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የራሱን ብፌ ቢፈትሽ፣ ብፌ የሌለውም ቁም ሳጥን አናት ላይ ያለውን ሻንጣ ቢያወርድ፣ ይህንኑ ቤተሰብ ያገኘዋል።

አባወራው እዚያው ደረጃው ላይ ፈረደ። «ዴክ የለን፣ ምን ያደርግልናል? ልዋጭ ሲመጣ ስጡት።»

«ሠርጌን በፕላስቲክ ጆግ ልትለውጠው?» አለች እመቤቲቱ።

ትልቋ ልጅ ለማስታረቅ ገባች። «እማዬ፣ ፍላሽ ላይ ይገልበጥና ይጣል። በቃ።» ዋሽንግተን ያለችው አክስት ወሬው በስልክ እንደ ደረሳት ጮኸች፤ «እንዳትጥሉ! እኔ እወስደዋለሁ!» አለች። ይህንኑ ለመጨረሻ ጊዜ ያለችው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ መጥታ በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ ይዛ ተመልሳለች፤ ለካሴት ግን ኪሎ አልተረፋትም።

ስለዚህ ካሴቶቹ የሳሎኑ መሐል ላይ በካርቶን ተቀመጡ። የቤቱ ሰው እየዘለላቸው ሁለት ሳምንት አለፈ።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ቢሆን እንዲህ አይዘለሉም ነበር። ያኔ ዴክ ያለው ቤት ትንሽ ማዕረግ ነበረው። ዴኩ ዳንቴል ይለብሳል፤ ሪሞቱ ከነላስቲኩ ይቀመጣል። ዴክ የሌለው ሰፈሩ ካለው ቪዲዮ ቤት ሳንቲም ከፍሎ፣ አግዳሚ ላይ ተጠባብቆ የሕንድ ፊልም ያያል። አዲስ የተጋባ ሰው ቤት የሄደ እንግዳ ደግሞ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ ሠርጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያል፤ ሠርጉ ላይ ነበረም አልነበረም።

ይህ ሁሉ መነሻው ጄቪሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያወጣው ቪኤችኤስ ካሴት ነው። ሶኒ ከአንድ ዓመት በፊት ቤታማክስን አውጥቶ ነበር፤ ምስሉ የቱ ይሻላል ቢባል ቤታማክስ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ቤታማክስ ካሴት የሚይዘው አንድ ሰዓት ሲሆን ቪኤችኤስ ሁለት ሰዓት ይይዝ ነበር። በኋላ እኛ ዘንድ የተለመደው ካሴት ሦስት ሰዓት ደረሰ። በዚህ ፉክክር የሐበሻ ሠርግ ዳኛ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ባለቀ ነበር፤ በአንድ ሰዓት ካሴት ሙሽራዋ ከወላጆቿ ቤት እንኳ አትወጣም።

ካሜራውም በዚያ ዘመን ብቻውን አይመጣም። ከኋላው ፓውዛ የተሸከመ ልጅ፣ ከልጁ ኋላ ደግሞ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያስታምም ሌላ ልጅ ይከተላል። ፓውዛው የበራበት ተጋባዥ ጉርሻው ባለበት ቦታ ይደርቃል። አንዱ ፎቶ መስሎት ትንፋሹን ይይዛል፤ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ሁለተኛ ዙር ጥሬ ሥጋ ያነሳ እጅ ጠረጴዛ ሥር ይሰወራል። ካሜራው አልፎ ጨለማው ሲመለስ ነው ሠርጉ የሚቀጥለው።

ከሠርጉ በኋላ ቪዲዮ አንሺው ጥሬውን ይዞ ሱቁ ይገባል። ከሁለት ወር «ነገ ኑ» በኋላ ይዞት የሚወጣው «የተሠራው» ይባላል። በተሠራው ላይ ሙሽራዋ ከጽጌረዳ ውስጥ ብቅ ትላለች። ሙሽራው በልብ ቅርጽ ውስጥ ሆኖ ይሰፋል፣ ይጠባል። ሁለቱም በወይን ብርጭቆ ውስጥ ቁልቁል ይሰምጣሉ፤ ከዚያ ፏፏቴ ይመጣል፤ የየትኛው አገር ፏፏቴ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈን ተጭኖበታል። ሽማግሌ ቆሞ ሲመርቅ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን በዚያ ዓመት የወጣ የዘፋኝ ድምፅ ነው። ምርቃቱ በግጥም ቢሆንም በዚያ ዜማ አልነበረም።

ለእንግዳ የሚታየው ይኸው የተሠራው ነው። ለሙሽራዋ ወላጆች አንድ፣ ለሙሽራው ወላጆች አንድ፣ ለሚዜዎች አንድ፣ ለዋሽንግተን አንድ ተባዝቷል። ጥሬው ግን አንድ ብቻ ነው። ቪዲዮ አንሺው ክፍያውን ያጠናቀቀ ደንበኛ ሲያገኝ «ከፈለጋችሁ ውሰዱት» ይላል፤ ያላጠናቀቀ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሠርግ ይቀዳበታል። ይህ ቤተሰብ ክፍያውን አጠናቋል። ዘጠኝ ጥሬ ካሴት ወስዶ ብፌ ሥር ከተተና ረሳው።

መርሳቱ ባልከፋ። የከፋው ማስታወሱ ነው።

የቪኤችኤስ ካሴት ጀርባ ላይ በግራ ጫፍ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች። ጥርሷ ከተሰበረች ዴኩ በዚያ ካሴት ላይ መቅዳት አሻፈረኝ ይላል። ጠንቃቃ ቪዲዮ አንሺ ቀረጻው እንዳለቀ ጥርሷን በካቻቢቴ ይሰብራታል። ይሁን እንጂ የተሰበረውን ቀዳዳ በፕላስተር የሸፈነ ሰው ዴኩን ማታለል ይችላል፤ ይህን ዘዴ ደግሞ በከተማው የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ባዶ ካሴት ባለቀበት ሰዓት በቴሌቪዥን የሚቀዳ ነገር ሲመጣ፣ ፕላስተር ፍለጋ የሚሮጥ እግር የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ቀን ነበር። በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ተናነቁ። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ገባ፤ ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29። ልዩነቱ የሰከንድ መቶኛ ዘጠኝ ነው። አባወራው ያን ቀን ብፌ ሥር እጁን ሰዶ ያገኘውን ካሴት ለዴኩ እንዳጎረሰ፣ ፕላስተር እንደለጠፈ፣ ጀርባው ላይም «ባዶ» ብሎ እንደጻፈ ያስታውሳል። በምን ላይ እንደቀዳ ግን አያስታውስም። ሲጠየቅ «ከኃይሌ የሚበልጥ ነገር አልነበረበትም» ይላል፤ እመቤቲቱም ከኃይሌ ጋር መጣላት ስለማይቻል ዝም ትላለች።

አባወራው በዚህ ጥፋት ብቻውን አይደለም። እጅግ የተማሩ ጓደኞች አሉት።

እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ከዚያ የተላከው ምስል በቴሌቪዥን እንዲታይ ሆኖ ከመለወጡ በፊት በቴፕ ተቀድቶ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ያ የጠራው ቅጂ ይገኝ ተብሎ ተፈለገ። ናሳ በ2009 ያወጣው መልስ አጭር ነው፤ ቴፖቹ ተሰርዘው ሌላ ነገር ሳይቀዳባቸው አልቀረም። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለሳተላይት መረጃ የሚሆን ቴፕ አጥሮ ነበርና ከመጋዘን እየወጣ እንደገና ይሠራበት ነበር። ደግነቱ በየቴሌቪዥን ጣቢያው የተቀዳው ደብዛዛ ቅጂ ተርፏል። ሰው ጨረቃ የረገጠበትን ቴፕ ባዶ ነው ብሎ ያነሳ እጅ ካለ፣ ሠርግ ላይ ኃይሌን የቀዳ ሰው ምን ይባላል?

ቢቢሲም እንዲሁ ነው። ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የድሮ ድራማዎቹን ቴፕ እየሰረዘ ሌላ ይቀዳበት፣ የፊልም ቅጂዎቹንም ይጥል ነበር። ቴፕ ውድ ነው፤ መደርደሪያ ጠቧል፤ ያለፈን ድራማ ደግሞ ማን ያየዋል? «ዶክተር ሁ» ከተባለው ተከታታይ ድራማ ብቻ ከ90 በላይ ክፍሎች ምስላቸው ጠፍቷል። የሚገርመው የሁሉም ድምፅ መኖሩ ነው። ያተረፈው ድርጅቱ አይደለም፤ ድራማው ሲተላለፍ ቤታቸው ቁጭ ብለው ድምፁን በቴፕ የቀዱ ተመልካቾች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በጊዜው «ይህን ቆሻሻ አንሳ» ሳይባሉ እንዳልቀሩ መገመት ይቻላል።

አሜሪካዊቷ ማሪዮን ስቶክስ ደግሞ አንሺ ብትባልም የምታነሳ አልነበረችም። ፊላደልፊያ የምትኖር የቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንስታ እ.ኤ.አ. በ2012 እስካረፈችበት ቀን ድረስ የቴሌቪዥን ዜና ቀንና ሌሊት ስትቀዳ ኖረች። ብዙ ዴኮች ባንድ ጊዜ ይሠሩ ነበር፤ ቤተሰቡ ምግብ ቤት ቢሄድም ካሴት የሚቀየርበት ሰዓት ሳያልፍ ይመለሳል። ስታርፍ 70 ሺህ ገደማ ካሴት ትታለች። ጣቢያዎቹ ራሳቸው ያላስቀመጡት ዜና በእሷ ቤት ተገኘ፤ ስብስቡንም ኢንተርኔት አርካይቭ ተረከበው። የ70 ሺህ ካሴት ቤት እያለ በ23 ካሴት ሁለት ሳምንት መጨቃጨቅ እንዲያው ትዕግሥት ማነስ ይመስላል።

ትዕግሥትም ቢኖር ካሴቱ ራሱ አይታገሥም። ውስጡ ያለው ስስ ፕላስቲክ ጥብጣብ ነው፤ ላዩ ላይ ደቃቅ የብረት ዱቄት በሙጫ ተለጥፎበታል። ምስሉ ያለው በዱቄቱ ላይ ነው። ሙጫው እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ ዱቄቱ ይረግፋል፤ ክረምቱ ያገኘው ካሴት ሻጋታ ያበቅላል። አንዱ የሦስት ሰዓት ካሴት ሩብ ኪሎ ሜትር ገደማ ጥብጣብ አለው። ሃያ ሦስቱ ቢዘረጉ አራት ኪሎን አልፈው ስድስት ኪሎ ይደርሳሉ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጽሑፍ፣ እስከ 2025 ያልተገለበጠ ካሴት አብዛኛው ለዘለዓለም እንዳይጠፋ ያሰጋል ሲል አስጠነቀቀ። ዩኔስኮም በዚሁ ጉዳይ ደወል ደውሏል። ፍርሃታቸው የካሴቱ ብቻ አይደለም፤ ዴኩም እየጠፋ ነው። ዴክ ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ታዋቂ ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ምርቱን ያቆመው በ2016 ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ልጅቱ ካርቶኑን ታክሲ ላይ ጭና ሄደች። የሄደችበት ሱቅ ማስታወቂያ «ቪዲዮ ወደ ሲዲ እንገለብጣለን» ይላል። «ሲዲ» በቀይ ተሰርዞ «ፍላሽ» ተጽፎበታል። ባለ ሱቁ ዕድሜው ወደ ስድሳ ይጠጋል። ጠረጴዛው ሥር አራት ዴክ ደርድሯል። ሁለቱ ይሠራሉ፤ ሁለቱ መለዋወጫ ናቸው።

«ማንም ሰው ሲመጣ የተሠራውን ነው የሚያስቀድመው» አላት ካሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያዞረ። «እሱ በስንት ቤት ይኖራል። የጠፋ እንደሁ ከሚዜው ታስገለብጫለሽ። እኔ የማስቀድመው ጥሬውን ነው።»

በትንሿ መስኮት ውስጥ ነጭ ዱቄት ያየባቸውን ሦስቱን ለብቻ አስቀመጠ። ሻጋታ ናቸው። እንዲሁ ዴክ ውስጥ ቢከተቱ ጥብጣቡን የሚያነበውን ሄድ ያበላሹታል፤ ቀጥሎ የሚገባውን የሌላ ሰው ሠርግም ያሻግታሉ። መጀመሪያ ተፈትተው ይጸዳሉ። የሕንድ ፊልም የሆኑትን ሁለቱን በፈገግታ መለሰላት። ከዋሽንግተን የመጣውን የአክስቷን ሠርግ ደግሞ ወደ ግራ ገፋው። የአሜሪካ ካሴት ኤንቲኤስሲ በሚባለው መንገድ የተቀዳ ነው፤ የኛ ቴሌቪዥን ደግሞ ፓል ነው። አሜሪካ በሰከንድ 30 ምስል ገደማ ሲያሳይ እኛ 25 እናያለን። ያ ካሴት በ1980ዎቹ ማብቂያ ሰው ይዞት እንደመጣ ቤተሰቡ ቴሌቪዥኑን ከቦ ጠበቀ፤ የታየው ግን ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወደ ላይ የሚንከባለል ሙሽራ ነበር። አያት «ምን አደረጓት ልጄን?» ብለው እንዳለቀሱ ይነገራል። ለሁለቱም የሚሆን ዴክ ያለው ሰው እስኪገኝ ድረስ አክስቲቱ ለቤተሰቡ ያገባችው በፎቶ ብቻ ነው።

ከመደርደሪያው አንድ ጥግ ደግሞ የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ ትናንሽ ካሴቶች ተከምረዋል። ሚኒ ዲቪ ይባላሉ፤ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የአሜሪካው ዲቪ ሎተሪ ሥራ የጀመረውም በዚያው በ1995 በጀት ዓመት ነው። ባለ ሱቁ እንደሚለው ሰው ከውጭ ደውሎ «ዲቪዬ አንተ ጋ አለ» ሲለው እስካሁን ድረስ አንድ አፍታ ደንገጥ ይላል።

መገልበጥ አቋራጭ የለውም። ሦስት ሰዓት የተቀዳ ሠርግ ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ዴኩ በሰከንድ 25 ጊዜ የሚሽከረከር ሄዱን ጥብጣቡ ላይ እያሻሸ፣ ሠርጉን እንደገና በሠርጉ ፍጥነት ያልፋል። ሃያ ሦስቱም ሙሉ ናቸው ቢባል 69 ሰዓት ነው። ባለ ሱቁ በዚህ ሥራው የማያውቃቸውን የስንት ሰው ሠርግ አይቷል፤ የሰው ቤት ለቅሶም አልቅሷል። ውጭ ያለ ልጅ ቀብር ላይ ስላልደረሰ የተቀዳ ለቅሶ ሲገለበጥ ግን ቴሌቪዥኑን ያጠፋና ዴኩን ብቻውን ይተወዋል።

ከአሥር ቀን በኋላ ፍላሹ መጣ። የቤቱ ሰው ተሰበሰበ፤ ቡና ተፈላ፤ ብፌው በረንዳ ላይ እንደቆመ ነው። ጥሬው ተከፈተ።

የመጀመሪያው ክርክር የተነሳው ከምስሉ በስተቀኝ ጥግ ባለው ቁጥር ነው። 1.1.1990 ይላል።

«እንዴ!» አለች ትልቋ ልጅ። «እኔ የተወለድኩት 88 አይደለም እንዴ? ሠርጋችሁ ላይ ሁለት ዓመቴ ነበር ማለት ነው?»

ሳሎኑ ለጊዜው ጸጥ አለ። የእመቤቲቱ እናት ጥያቄ ያዘለ ዐይናቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ።

«የፈረንጅ ነው!» አለች እመቤቲቱ ቶሎ ብላ። አባወራው ደግሞ ነገር ሊያቃና ብሎ አበላሸው። «የፈረንጅ ከሆነ እኮ ታኅሣሥ 82 ነው። ያኔ ገና አልተዋወቅንም!»

ሠርጉ ጥር 1987 ዓ.ም. ነው። ቪዲዮ አንሺው የካሜራውን ሰዓት አንድም ቀን አስተካክሎ አያውቅም፤ ባትሪው በወጣ ቁጥር ወደ መነሻው ቀን ይመለሳል። በዚያ ካሜራ የተነሳ የአዲስ አበባ ሙሽራ ሁሉ በአንድ ቀን፣ እሱም በፈረንጆች አዲስ ዓመት፣ ተሞሽሯል ማለት ነው።

ቀጥሎ የታየው ነገር ማንም ያልጠበቀው ነበር። ሙሽራዋን የሚያይ ጠፋ። ሙሽራዋ ራሷም ሙሽራዋን አላየቻትም። የሁሉም ጣት የሚጠቁመው ወደ ጥግ ነው። «ያቺ ማን ናት፣ ሹሩባዋ?» «አቤት፣ ይሄ ሰው ፀጉር ነበረው!» «ያ ባልዲ! ያ ባልዲ እኮ እስካሁን አለ!» ፓውዛው ሊያበራቸው ያልፈለጋቸው፣ ከድንኳኑ ጀርባ የሚያልፉ፣ ጀርባቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸው ስም እየተጠራ የሚፈለጉት።

ቪዲዮ አንሺው በአንድ ቦታ ምሳ ሊበላ ሲሄድ ካሜራውን ሳያጠፋ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀምጦት ኖሯል። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ የሚታየው ከጉልበት በታች ነው። በባዶ እግር የሚሮጥ ሕፃን ያልፋል። የተነቀለ ጎመን ያልፋል። ሁለት ሴቶች ድስት ተሸክመው በጎን ይሄዳሉ። አንዲት የማትታይ ሴት «በርበሬውን ማነው እዚህ ያስቀመጠው? ሰው ሊታወር ነው እንዴ?» እያለች ስትቆጣ ይሰማል። ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ የማማሰያ ድምፅ። እመቤቲቱ ስኒዋን አስቀመጠች።

«እቴቴ ናት» አለች። «ድምፅዋ ነው።»

እቴቴ ካረፈች 19 ዓመት ሆኗታል። በተሠራው ቪዲዮ ውስጥ አንድም ቦታ የለችም፤ ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ነበረቻ። እነዚያ አሥራ አንድ ደቂቃዎች በዚያ ቀን አራት ጊዜ ታዩ። በማግሥቱ በቴሌግራም ወደ ዋሽንግተን ተላኩ፤ አክስቲቱም ለቅሶዋን ጨርሳ ደወለች።

የአክስቲቱ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ከፊተኛው ባሏ ጋር ከተፋታች ቆይታለች፤ ያ ሰው ደግሞ በዚህ ሠርግ ላይ እስክስታውን ሲያስነካው ዋለ። «እሱ ያለበትን አውጭልኝ» አለቻት የእህቷን ልጅ። ልጅቱ ስልኳ ላይ ስትሞክር አመሸች። በየትኛውም ቦታ አይቆረጥም። እዚህ የአያትን እጅ ይዞ ያስጨፍራቸዋል፤ እዚያ አሁን ለሞተ አጎት ወንበር ያነሳል። እሱ ሲወጣ ሰው ይዞ ይወጣል። በመጨረሻ ባለበት ቀረ፤ አክስቲቱም ስታየው «ይብላኝለት፣ ጨፋሪስ ነበር» ብላ አለፈች።

የልጅቱ ስልክ ላይ በራሷ እጅ የተነሱ አራት ሺህ ያህል ቪዲዮዎች አሉ። ካፌ፣ የጓደኛ ልደት፣ ኮንሰርት ላይ የሰው ጭንቅላት፣ ኪስ ውስጥ ሆኖ የተነሳ ጨለማ። ስልኳ በየጊዜው «ቦታ ሞልቷል» ይላታል፤ በተለይ ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሳ። ጉግል ፎቶዎችን ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ከዚያ ወዲህ 15 ጊጋባይቱን ከኢሜይሏ ጋር ትካፈላለች። የተረፈውን ቴሌግራም ላይ ለራሷ ትልከዋለች። ከእነዚህ አራት ሺህ ውስጥ የትኛው የእቴቴ ወጥ ቤት እንደሚሆን ስላላወቀች እስካሁን አንዱንም አልሰረዘችም። አባቷ ይህን ሲሰማ «አየሽ፣ አንቺም ብፌ አለሽ» አላት።

የመጨረሻው ፋይል «ባዶ» ነበር። ባለ ሱቁ የካሴቱን ጀርባ አይቶ ልክ እንደዚያው ሰይሞታል።

ኃይሌ ወጣ። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ሄዷል፤ ከታች መስመር ይንቀጠቀጣል፤ ግን ኃይሌ ነው። አባወራው ወንበሩን ሳበ። ውጤቱን ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የሚያውቅ ሰው እንደገና ተጨነቀ። ዛሬ ያ ሩጫ ስልክ ላይ ቢፈለግ ከነጠራ ምስሉ እንደሚገኝ ልጁ ልታስረዳው ሞከረች፤ አልሰማትም። ደወሉ ተደወለ። ቴርጋት ተስፈነጠረ። ኃይሌ ቀረ፣ ደረሰ፣ በመጨረሻዋ እርምጃ ደረቱን ሰጠ። ቤቱ እንደ አዲስ ጮኸ። አባወራው እጁን አንስቶ «ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልነበረበትም አላልኳችሁም?» አለ፤ ሪሞቱንም አነሳ።

ምስሉ በበረዶ ተሞላ። አንዴ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ድንኳን ወጣ።

ድንኳኑ መሐል አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ከዘራቸው በግራ እጃቸው ነው፤ ቀኝ እጃቸው ተዘርግቷል። በተሠራው ቪዲዮ ላይ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ሁሉም ያውቀዋል። አሁን ዘፈን የለም። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ትንሽም ይስሉ ነበር፤ ይህን ማንም አላስታወሰም። ከምርቃቱ የቀረው ጅራቱ ብቻ ነው፤ «…ቤታችሁ የሰው ይሁን» አሉ፤ ድንኳኑ «አሜን» አለ። «ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ሕፃን የሚንጫጫበት ያድርገው።» «አሜን!» ሳሉ። መሐረባቸውን ፈለጉ፤ አጡት፤ ከጎናቸው ያለ ወጣት የራሱን ሰጣቸው። ወጣቱ ሙሽራው ነበር።

ሁለት ደቂቃም አይሞላም። ከዚያ በፊት የነበረው ግማሽ ሰዓት በኃይሌ ሥር ነው።

አባወራው ሪሞቱን እንደያዘ ቀረ። ሽማግሌው አባቱ ናቸው። ልጁ ወደ ኋላ መልሳ ከፈተችው፤ ኃይሌ እንደገና ገባ፤ ቤቱ ግን በዚህኛው አልጮኸም፤ ሁሉም ከመስመሩ በኋላ የሚመጣውን ጠበቀ።

ማታ ላይ ሰው ሲበተን ካሴቶቹ ወደ ካርቶናቸው ተመለሱ። አባወራው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ ተገልብጧል። ልዋጩ ነገ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

እመቤቲቱ መልስ አልሰጠችውም። «ባዶ» የሚለውን ካሴት ከላይ አንስታ ጭኗ ላይ አድርጋለች። በጀርባው በግራ ጫፍ፣ ጥርሷ የተሰበረችበት ቀዳዳ ላይ፣ ከ1993 ጀምሮ የተለጠፈች ቢጫ ፕላስተር አለች። ጠርዟን በጥፍሯ ፈለገች፤ አገኘችው፤ ቀስ ብላ ላጠችው። ዴክ በሌለበት ቤት፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳይቀዳበት።